ለወንድሜ፣ ስለ ግራው የፊት ጎማ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምናፍቅህ፣ ከዚያም አልፎ ክፉኛ ለተቀየምኩህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህን ያምህ ነበርና ተሻለህ ወይስ እንዳለ ነው? ሚስትህ እንደምን አለች? ልጆቹ እንዴት አደጉ? ብርዱ ጠናባችሁ ወይስ ለቀቅ አደረጋችሁ? ሥራህን፣ ቤትህን፣ ጎረቤትህን አንድ በአንድ ልጠይቅህ እወድ ነበር፤ ግን ጠይቄህ መልስ ካገኘሁ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን፣ ደብዳቤ ስትጽፉ «ከናፍቆትህ በቀር እኔ ደህና ነኝ» ብላችሁ ጀምሩ ትለን ነበር። እኔ ደህና አይደለሁም። እማዬም ደህና አይደለችም። በስተርጅና በስንት መከራ የቆጠርኩትን ፊደል ለውሸት አላውለውም።

ጽሑፌ ቢንጋደድብህ አትፍረድብኝ። የቀኝ መዳፌ ተልጧል፤ እስክሪብቶውን በጣቶቼ ጫፍ ነው የያዝኩት። እንዴት እንደተላጠ እደርስበታለሁ። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፤ እማዬ ወዲያ አልጋዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እህቷ ወልዳ ረቡዕ አንተ ወዳለህበት ከተማ ትመጣለች። ደብዳቤውን በእጄ እሰጣታለሁ፤ እሷም በነጋታው ለአንተ ሳልሰጥ እህል አልቀምስም ብላ ምላልኛለች። ስልክህንማ ስንቴ ሞከርኩት! ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ትቆጣኛለች።

ጥያቄዬን አስቀድማለሁ፤ ሌላውን ባታነበው እንኳ ይህን ብቻ መልስልኝ። ከመሄድህ አንድ ቀን በፊት በመኪናዋ በግራ የፊት ጎማ ላይ የገጠምከው፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ መካኒኮች ሞዞ የሚሉት፣ ከምን ዓይነት መኪና የተፈታ ነው? የዳቦው መኪና መሆኑን አውቃለሁ። የማላውቀው የዳቦው መኪና ስሙ ማን እንደሆነ፣ የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት እንደሆነ ነው። በውስጡ ሆኖ ጎማውን የሚያሾረው ኩሽኔታ ተቃጥሏል። ልኩን ካላገኘን መኪናዋ አትንቀሳቀስም፤ መኪናዋ ካልተንቀሳቀሰች እማዬ ወደ ኩላሊት እጥበቷ አትሄድም፤ ካልሄደች የሚሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔ አልጽፈውም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ይህችን መኪና ትተህልን ስትሄድ የሠራኸውን ደግ ነገር አልክድም። የእማዬ የማይታጠፈው እግር እንዲዘረጋ ብለህ የፊተኛውን ወንበር ነቅለህ፣ ከአሮጌ አውቶቡስ ያመጣኸውን ወንበር ወደ ኋላ ስበህ አሰርክላት። እማዬ እስከ ዛሬ «የልጄ ዙፋን» ነው የምትለው። ግን ዙፋኑን ሠርተህ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥለህ፣ ማን ይንዳው ሳትል ሄድክ። ልጆች ሳለን ደብተርህን ይዤ እስከ ትምህርት ቤቱ በር እሸኝህ ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። በሩን ያለፍኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ማንበብ የማይችል መንጃ ፈቃድ አያገኝም ሲሉኝ የልጅ ልጆች ሊሆኑኝ ከሚችሉት መሃል ተቀመጥኩ። ሌላው ሰው ነፍሱን ሊያድን ፊደል ይቆጥራል፤ እኔ ለፍሬንና ለማርሽ ቆጠርኩ። ዛሬም ድረስ ከንፈሬ ካልተንቀሳቀሰ እጄ አይጽፍም፤ እያንዳንዱን ቃል ለራሴ እያልኩ ነው የምጽፍልህ።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እማዬ ናት። ከሦስት ወር በፊት ከእጥበት ስንመለስ «ወፍጮ ቤት ተከፈተ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ምንም አልሰማሁምና «አንቺ ደግሞ ያልተፈጠረው ሁሉ ይሰማሻል» አልኳት። በሳምንቱ ለእኔም ተሰማኝ፤ ከእግሬ ሥር ሩቅ ያለ ወፍጮ የሚመስል፣ ስፈጥን የሚጮኽ፣ ስዘገይ የሚያጉረመርም። ምን አደረግኩ መሰለህ? ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። መኪናዋ አበቃላት እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። እማዬ ግን ሬዲዮ የሚያታልላት ሰው አይደለችም። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ዓለም ሁሉ በጆሮዋ ነው የሚገባው። «ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ይጮኻል፤ ወደ ግራ ስንታጠፍ ዝም ይላል። አንዱ ወገን ነው የታመመው» አለችኝ። እኔ መሪ ይዤ ያላስተዋልኩትን እሷ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ለየችው።

ጎሚስታው ዘንድ ወሰድኳት። ከሩቅ እንዳየን «ጎማ ነው» አለ። ሰውዬው ሚስቱ ብትታመምበትም ጎማ ነው የሚል ይመስለኛል። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አቀያየረው። ድምፁ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ነው ቀስበቀስ የምንለው መካኒክ ዘንድ የሄድነው፤ ምን ብትጠይቀው «ቀስ በቀስ» ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። እሱ ሰው ነው። ከኋላ ተሳፈረና ቁልቁለቱ ላይ «እትዬ፣ ማርሹን አውጪና ዝም ብለሽ ልቀቂያት» አለኝ። ሞተሩ ረገበ፤ ወፍጮው ግን እንደ ጮኸ ነው። «ሞተር አይደለም» አለ። እማዬ ከፊቱ ሆና ስለ ቀኝና ግራው ነገረችው። አንገቱን አስግጎ አያት። «እማማ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቷ ሁሉ ግራ ጎማ ላይ ይወድቃል። ግራው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደሞዝ እከፍልሻለሁ» አላት። ደርሰን በክሪክ አነሳት፤ አንድ እጁን ከጎማው በስተ ጀርባ ያለው ሞላ ላይ አድርጎ በሌላው ጎማውን አሾረና እጄን ወስዶ እዚያው አስነካኝ። ሞላው ውስጥ ንብ ያለ ይመስላል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ቋ ቋ አለ። «ኩሽኔታው ሄዷል። በዚህ ሳምንት እንክፈተው፤ ይህ ነገር ቀጠሮ አያከብርም» አለኝ።

እሺ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሁለት ሳምንት ዛሬ ነገ እያልኩ አሳለፍኩት። ለምን እንደሆነ ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ጎማው ሲከፈት ያ ብረት ይታያል፤ ብረቱ ከታየ ከየት መጣ ይባላል።

እማዬ የሞተ ሰው ዕቃ እንደማትነካ ታውቃለህ። አባዬ ሲሞት ጫማው እንኳ ቤት አላደረም። ያ ዳቦ አዳይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ ክላክስ አድርጎ ሰላም የሚላት ሰው ነበር፤ ግንቡን ገጭቶ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን አልቅሳለታለች። አንተ ያንን ሞዞ ከመኪናው ሬሳ ላይ ፈትተህ፣ ሞርደህ፣ አስተካክለህ ስትገጥም መብራት የያዝኩልህ እኔ ነኝ። «እትዬ፣ እማዬ እንዳትሰማ፤ ከሰማች ሁለተኛ እዚህ መኪና ውስጥ አትገባም» ብለህ አስማልከኝ። እኔም ማልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው መኪና አልነበረውም።

ባለፈው ዓርብ ወደ እጥበት ስንሄድ ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ዳገት ላይ መሪው በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ። ፍሬን ስይዝ ጎማው ወደ ውስጥ ተጋድሞ ቆመ። ወርጄ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ ብረቱን በመዳፌ ያዝኩት፤ ቆዳዬ እዚያው ቀረ። ያን ቀን እጥበቱ አመለጣት፤ እሷ ዙፋኗ ላይ እንዳለች ጎረምሶች ገፍተው ነው ግቢያችን የመለሱን። ቅዳሜ ቀስበቀስ እኛው ግቢ መጥቶ ፈታው። እማዬ መስኮቷ ሥር ተቀምጣለች፤ መኪናዋም እዚያው መስኮት ሥር ናት። ተነሥቶ ጠየቀኝ፤ «እትዬ፣ ይህ እግር ተቀይሮ ያውቃል?» አለ። እማዬ ጆሮዋን ስታዞር አየኋት። «ኧረ በጭራሽ፤ እንደ ተወለደች ናት» አልኩት።

እሱም አምኖኝ በሊብሬዋ ላይ ባለው ስም ኩሽኔታ ገዛ። ዛሬ ጠዋት ሊገጥመው ቢለው ቢለው እምቢ አለ። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው፤ ግን ብረት ከብረት ጋር አይታረቅም። ላቡን ጠርጎ «ይህ የዚህች መኪና አካል አይደለም፤ ሰው ሌላ አምጥቶ ተክሎባታል። ማን ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ወንድሜ፣ አላውቅም አልኩት! ከዚያ ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

ሌላ መንገድ አልሞከርሽም እንዳትለኝ። ጠዋት ታክሲ ጠራሁ፤ እግሯ አልገባም ብሎ ስትጮኽ ሹፌሩ ራሱ ደነገጠ። «እናቴ፣ ይህ እኮ ሰው መጫን አይደለም፣ አልጋ መጫን ነው» ብሎ ጥሎን ሄደ። ክሊኒኩ አንድ አምቡላንስ አለው፤ ደወልኩ። ትንፋሿ ሲያጥር ደውሉ አሉኝ። እስኪያጥር ልጠብቅ ማለት ነው። እግሯ አብጧል፤ ጣቴን ስጫነው ጉድጓዱ አይሞላም። ከትናንት ጀምሮ በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሟቹ ሚስት ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም፤ የተሰባበሩ መኪኖች የነበሩበት ግቢ ዛሬ ፎቅ ሆኗል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ። ነገ ማክሰኞ ነው፤ የእጥበቷ ቀን ነው። ደብዳቤው የሚደርስህ ሐሙስ ነው። ሂሳቡ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን የሚሰምጥ ሰው ውሃ ይጨብጣል።

የመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስንነጋገር ያልኩህን ደግሞ አልረሳሁትም። እዚህ ላይ ስሙን አልጠራውም፤ እማዬ በዚያ በኩል ናት።

ማክሰኞ ሆነ። ወንድሜ፣ የሆነውን ስማ።

ትናንት ያንን ጽፌ እስክሪብቶውን ስከድን ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ። «የዳቦው ልጅ ብረት ነው እንዴ አራት ዓመት የተቀመጥኩበት?» አለች። ተኝታ አልነበረም። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፄም አብሮት እየወጣ ኖሯል፤ ከይድረስ ጀምሮ አንድ ቃል ሳያመልጣት ሰምታዋለች። እስከ ጎረምሳነትህ ስትዋሻት በትንፋሽህ የምታውቅብህን ሴት በሹክሹክታ ላታልላት ነበር!

ትጮኻለች፣ ትረግመናለች ብዬ ቆምኩ። እሷ ግን «ወዴት ወዴት ወሰደኝ?» አለችኝ። አልገባኝም። «ያ ብረት ወዴት ወዴት ወሰደኝ እልሻለሁ» አለች። ወደ እጥበት ነዋ፣ ወደ ሐኪም፣ አንድ ጊዜም ወንዙ ዳር ነፋስ ልትቀበይ አልኳት። «እንግዲያ ያ ልጅ ሞቶም ሰው ሲያመላልስ ነበር ማለት ነው። እኔን የሚገድለኝ የሞተ ሰው ብረት አይደለም፤ የናንተ የቁም ሰዎች መሐላ ነው» አለች። ከዚያም «ሂጂና ለመካኒኩ ንገሪው። እየሮጥሽ» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

ቀስበቀስ ሰምቶ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የተቃጠለውን ኩሽኔታ አገላብጦ «ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተቀርጾ ነበር፤ እሳት በልቶታል» አለና አስቀመጠው። እኔ ግን አነሣሁት። ለትንሽ ጊዜ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከርኩት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ከዚያ ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ በላዩ ዘረጋሁና እርሳሱን በአግድሙ አሻሸሁበት። አስተማሪያችን ዓይናቸው ለደከመ አሮጊቶች ቁጥር ያስተማረችን እንዲህ ነው፤ በሳንቲም ላይ ወረቀት ዘርግታ። ወረቀቱ ጠቆረ፤ ከጥቁረቱ ውስጥ ነጫጭ ቁጥሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩለት። ቀስበቀስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለና ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። «እትዬ፣ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አነባለሁ፤ ይህ አልታየኝም» አለ። በሕይወቴ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ብሎኝ አያውቅም። አንተ አብረኸኝ ብትሆን ብዬ ተናደድኩብህ።

አዲሱን ኩሽኔታ ዛሬ ከከተማው ወዲያ ማዶ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አገኘው፤ ግን አመሻሽቶ ነው የተመለሰው። የእጥበቷ ሰዓት አልፏል። ሁለተኛውም አመለጣት ማለት ነው። ሲገጥመው መብራት ያዝኩለት፤ መብራት ያዥነት ዕጣዬ ነው። በመዶሻ አልነካውም፤ በመጭመቂያ ማሽን ቀስ በቀስ አስገባው። የድሮውን እያሳየኝ «ይህን የገጠመው ሰው በመዶሻ ነው የመታው፤ ጥርሱ ይታያል። ዕድሜውን ያሳጠረው እሱ ነው። ግን ሌላ መኪና ላይ አስተካክሎ ማስቀመጡ ራሱ፣ እጅ ያለው ሰው ነው። ምን አስቸኮለው?» አለኝ። በማግስቱ ሊሄድ ነበር አልኩት። ስለ አንተ ተሟገትኩ። አፌን ልይዘው ሞከርኩ፣ አልተያዘም።

ረቡዕ ነው። የምጽፍልህ ከክሊኒኩ፣ ከእጥበት ክፍሉ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

ዛሬ ማለዳ ዙፋኗ ላይ አስቀምጠናት ወጣን። ሬዲዮ አልከፈትኩም። ቁልቁለቱን ወረድን፣ ወደ ቀኝ ታጠፍን፣ ምንም የለም። ጎማው እንደ ሐር ነው የሚሄደው። እኔ ከደስታ ብዛት ላለቅስ ደረስኩ፤ ጎኔን ሳይ እሷ ታቃስታለች። ትንፋሿ አጥሮ ነበር። ጎማው ዝም ሲል ነው የእሷ ደረት እንደ ወፍጮ እንደሚጮኽ የተሰማኝ። ስንት ቀን ከጎማው ጋር ሆኖ ሲጮኽ ኖሯል? አንዱን ስፈልግ ሌላው አመለጠኝ።

መንገድ ላይ፣ እሷ ዝም እንዳትልብኝ ብዬ ማውራት ጀመርኩ፤ የማወራው ሲያልቅብኝ ያንን የስልኩን ነገር ነገርኳት። የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር ዘንድሮም አልመጣም ስትለኝ «እንግዲያስ አትደውልም፤ እሷን በድምፅህ ተስፋ እየሰጠህ አታድክማት። ሞተች ተብሎ ሲነገርህ ትመጣለህ» እንዳልኩህ። ያን ሁሉ ወር «ልጄ ምን ነካው፣ ለምን ዝም አለ?» ስትለኝ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ እንደኖርኩ። አንተ በሰው እጅ የላክሃቸውን ፎቶዎች ለማየት ዓይን ስለሌላት ለስላሳውን ወገን በጣቷ እየዳበሰች «ይህችኛዋ ትልቋ ናት?» ስትለኝ፣ ያደረብኝን ንዴት ባንተ ላይ እንደጫንኩ። ሁሉን ነገርኳት። ልቧ ይሰበራል ብዬ መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። በአፏ አየር እየሳበች ምን አለችኝ መሰለህ? «እሱስ እሺ ብሎ ቀረ? ከመቼ ወዲህ ነው ለአንቺ የሚታዘዘው?» አለችኝ።

ይህንን እኔም ልጠይቅህ። በሕይወትህ አንድ ቀን ታዘዘኝ ብልህ ታዝዘህ የማታውቅ ሰው፣ ያንን አንዱን ክፉ ቃሌን እንደ ሕግ ይዘህ መቅረትህ ምን ይባላል? ቃሌን ፈለግከው እንዴ? ተመችቶህ ነው? እኔ በደልኩ፤ አልክድም። አንተም በደሌን ትራስ አድርገህ ተኛህበት።

ሐኪሙ ውሃው ሳንባዋ ጋ ደርሷል ብሏል። ያለ ወረፋዋ አስገቧት፤ ሦስት ቀን በተከታታይ ታጥባ ነው የሚታየው። ተስፋ አላት ወይ ብለው ዓይኑን ወረቀቱ ላይ አድርጎ «ነገ እንነጋገር» አለኝ። ነርሷ ቅድም ወጥታ «እማማ ስንጠራቸው አይመልሱም፤ ግን የማሽኑ ድምፅ ሲለወጥ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ‹የዚህም ኩሽኔታ ሊሄድ ነው› አሉ» ብላ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝ።

እንግዲህ የመኪናውን ጥያቄ ራሴ መልሼዋለሁ፤ ከላይ የጻፍኩትን ግን አልሰርዘውም። ስለምን እንደለመንኩህ እንድታውቅ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን በእርሳስ አሻሽቼ ከየትም አላወጣውም። ያልኩህን ቃል አንስቼዋለሁ። ደውል። ስልኬን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ከጆሮዋ ሥር ነው የማደርገው፤ ነርሷ ፈቅዳለች። ባትመልስልህም ተናገር። ከሬዲዮ በታች ኩሽኔታ የለየ ጆሮ አንተን አይስትህም።

አሮጌውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ከመሄዷ በፊት እዚህ አልፋ ደብዳቤውን የምትወስደው ልብስ ሰፊዋ «ሰው ለወንድሙ ሸሚዝ ይልካል፣ አንቺ ብረት ታሸክሚኛለሽ» ብላ ተነጫንጫለች። ስትቀበላት ለብቻህ ሁንና ጣትህን ከመሃሉ አስገብተህ አዙረው። ጆሮህን አስጠጋ። እናትህ ሦስት ወር የሰማችው እሱን ነው። የመዶሻህም ምልክት ጎኑ ላይ አለ።

ሚስትህን፣ ከፎቶዋ በቀር የማላውቃትን፣ ሰላም በልልኝ፤ እንደምን እንደምትችልህ አንድ ቀን ታጫውተኛለች። ትልቋን ልጅህን አክስትሽ ፊደል ቆጥራለችና አንቺም ስትቆጥሪ ጻፊላት በላት። ትንሹን ግንባሩን ሳምልኝ። ቀስበቀስ፣ በስምህ የማያውቅህ፣ «ለዚያ ለቸኮለው ሰውዬ ሰላም በሉልኝ» ብሏል። ልብስ ሰፊዋን ቤትህ አስገብተህ አሳርፋት፤ ክብደቱ የእኔ ጥፋት ነው።

እማዬም ዛሬ በር ላይ ሊለዩን ሲሉ እጄን ይዛ ጻፊለት ያለችኝን እንዳለ አስፍሬዋለሁ፤ «ብረቱ ደህና አድርጎ ተሸክሞኛል በይው፤ እንዳይቆጨው። በእግሩ መምጣት ካቃተው በድምፁ ይምጣ።»

እህትህ

ከእጥበት ክፍሉ ደጅ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን